የፀጋው ሠንጠረዥ

በ2008 መስከረም፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ኢንስፔክተር ደጊቱ፣ ቆሰበር ከተማ ወደሚገኘው የወይዘሮ በቀለች ግቢ ተጠርታ ስትደርስ፣ ተከራያቸው ፀጋው እንደተኛ ሞቶ ነበር። እግሩ ሥር የከሰል ማንደጃ፣ ደረቱ ላይ ደብተር። ፀጋው በታሪክ ተመርቆ፣ ሁለት ዓመት የሒሳብ ኮርስ ሲያሟላ ቆይቶ፣ ለስታትስቲክስ ሁለተኛ ዲግሪ አልፎ፣ ከመስቀል በኋላ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ ጣቱን ጓደኛው ሀብቱ ላይ ቀሰረ። ሀብቱ የሒሳብ ምሩቅና ለዚያው ትምህርት ተጠባባቂ ነው፤ ፀጋው ቢቀር ቦታው ለእሱ ነው። ቅዳሜ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ግማሽ ማዳበሪያ ከሰል ያመጣለትም እሱ ነው።

«በመግቢያ ፈተናው በስንት ቀደመህ?» አለችው ደጊቱ።

«በግማሽ ነጥብ። ‹ነገሥታት ስትቆጥር ኖረህ ቁጥር ቀማኸኝ› እያልኩ አበሽቀው ነበር።»

«ከሰሉስ?»

«ብርድ አይችልም፤ እስኪሄድ ይሙቅበት ብዬ። ግን ማን ያምነኛል?»

ክፍሉ መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር የተንጠለጠለ ጆንያ ስትገልጥ አየር የሚተላለፍበት ሽንቁር አገኘች፤ ከውጭ በጭቃ ተደፍኗል። ከዚያ ደብተሩን ገለጠች። ፀጋው እጁ ቁጥር እንዲለምድ፣ በየማታው የክፍሉን ሙቀት፣ የከሰሉን መጠንና ጤናውን በሠንጠረዥ ሲያሰፍር ኖሯል።

ከሰዓት በቀለችን፣ ሀብቱንና የፀጋውን እጮኛ ስሜነሽን ደጁ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«እስከ ረቡዕ በአንድ ጣሳ ከሰል ሙቀቱ ዐሥራ አራት ነው» አለች። «ሐሙስ በዚያው አንድ ጣሳ ዐሥራ ስምንት ሆነ፤ ‹ራስ ምታት› ይላል። አርብም እንዲሁ። ስለዚህ ሽንቁሩ የተደፈነው ሐሙስ ነው። ሀብቱና ስሜነሽ ሐሙስን ዳንግላ ሲያስተምሩ ነው የዋሉት፤ ደውዬ አረጋግጫለሁ። ቅዳሜ ከሰል ሲያገኝ ሦስት ጣሳ አነደደ፤ የከሰሉ መርዝ መውጫ አጥቶ ገደለው።»

ሀብቱ ፊቱን ሸፈነ። የሟቹ ቁጥር አዳነው፤ ቦታውንም አስረከበው፤ ቀና ማለት ግን አቃተው።

«እትዬ በቀለች፣ ለመስቀል ቤቱን የለሰኑት መቼ ነው?»

በቀለች ጥፍራቸው ሥር የቀረውን ጭቃ አዩ። «ሐሙስ። አይጥ የቦረቦረችው መስሎኝ። ሲያስል እየሰማሁ... ይሙቀው ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ደጊቱ ሃያ ዓመት ስትመረምር እንዲህ እጇ ታስሮ አያውቅም።

«ሙቀቱ ሲጨምር አይቶ ምንም አልጻፈም?» አሉ በቀለች።

የቅዳሜን መስመር አነበበችላቸው።

«‹ምክንያቱ ገና አልታወቀም። ነገ እትዬ በቀለችን እጠይቃለሁ።›»