የሰኞው ጭምብል

«ዓይኑን ብቻ ስለሸፈነ ነው እናቱ የማታውቀው?» አለች ስርጉት፣ ደብተሩን ወደ ሰማው መልሳ እየገፋች።

ሰማው እርሳሱን ከአፉ አወጣ። «ጭምብል ነዋ! ጭምብል ለዚህ አይደል እንዴ?»

«ቢቸና ውስጥ? አቦ ተው! እናቴ ሰው ገና ጥግ ሳይዞር በሳሉ ታውቀዋለች። አንተን ራስህን ከኋላ በአረማመድህ እለይሃለሁ። ያንተ ጀግና ግን ቀን ከሰው ጋር ሻይ ሲጠጣ ይውልና ጨርቅ ፊቱ ላይ ጣል ሲያደርግ ከተማው ሁሉ ‹ማነው እሱ?› ይላል። ደግሞ አይፈራም፣ አይሳሳትም። ማን ያምነዋል?»

«ጀግና ነው በቃ። ፋራ አትሁኚ።»

የሰማው ጀግና ከመስከረም ጀምሮ በዘጠነኛ «ሐ» ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር የሥዕል ታሪክ ነበር። ኅዳር ላይ ግን ከደብተሩ የወጣ መሰለ። በየሰኞው ጠዋት ከክፍሉ በር ጀርባ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ይገኝ ጀመር። የፊዚክስ ጥያቄዎች ከነአሠራራቸው በአማርኛ ተብራርተው፣ ግርጌው ላይ ደግሞ በስም ፈንታ ሁለት ዓይን ያለው ትንሽ ጭምብል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሰጥ ያመለጠው ሁሉ ከዚያ ይገለብጣል። አንደኛ የሚወጣው ተማሪ፣ አምላኩ፣ «አንተ ነህ አይደል?» ሲባል አዎም አይደለሁምም ሳይል ፈገግ ይላል።

ስርጉትና ሰማው ገና ሲከራከሩ የፊዚክስ አስተማሪያቸው መምህር እንዳለው የታረመ ፈተና በብብታቸው ይዘው ገቡ። ፊታቸው ደስ አይልም።

«አውቶቡሱ በፈረንጆቹ ሰዓት ጠዋት 9:00 ላይ ተነስቶ 11:00 ላይ ደረሰ። መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ሁለት ሰዓት ፈጀበት፤ ስለዚህ ፍጥነቱ በሰዓት ስልሳ ነው። ሃያ ሦስት ተማሪ ግን ‹አሥራ አምስት› ብሎ ጽፎልኛል። በሰዓት አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር! ይሄን አውቶቡስ አህያም ይቀድመዋል።»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ቲቸር፣ ከጭምብሉ ወረቀት ነው ያጠናነው» አለ አንድ ድምፅ ከመሀል።

መምህር እንዳለው ከበሩ ጀርባ ወረቀቱን ነቀሉትና አነበቡት። ጥያቄ አራት፣ ቁጥሩ እንኳ ሳይለወጥ፣ ፈተናው ከመሰጠቱ ሁለት ቀን በፊት እዚያ ተለጥፎ ነበር። ከዚያ ዓይናቸው በሰማው ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋው ሥዕል ላይ አረፈ። ያው ጭምብል ነው።

«ጥያቄዬን ከየት አገኘኸው?»

«እኔ አይደለሁም ቲቸር! ሥዕሉ የእኔ ነው፤ ወረቀቱ ግን...»

«ነገ ወላጅህን ይዘህ ና። ያለ ወላጅ ክፍል አትገባም።» ወረቀቱን የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ጥለው ፈተናውን ማደል ጀመሩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሰማው ከክፍሉ ጀርባ ከስርጉት ጋር ቁጭ ብሎ ነበር። ወላጆቹ የሚኖሩት ራቅ ብሎ የጁቤ ከተማ ነው፤ እሱ ቢቸና ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው።

«አባቴ አጨዳ ላይ ነው» አለ። «አምና በሥዕሌ ምክንያት ተጠርቶ ሲመጣ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ሁለተኛ ብጠራ ዕቃህን ይዘህ ትመለሳለህ።› እሱ ደግሞ ያለውን ያደርጋል።»

ስርጉት የተጣለውን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ስለነበር እጇ ላይ ታገላብጠው ጀመር። ሠንጠረዦቹ በጥንቃቄ የተሠመሩ ናቸው። ግን እያንዳንዱ መስመር አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ዘለል ይላል።

ማስመሪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ሰባት ቁጥር ላይ ጠርዙ ተሸርፏል። ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው። ገጠመ።

ማስመሪያውን ባለፈው ዓርብ ለአንድ ሰው ብቻ ነው ያዋሰችው።

ይርጋነሽ ቧንቧው ጋ እጇን ትታጠብ ነበር። ዘንድሮ ከሞጣ መጥታ አጎቷ ጋ የተቀመጠች፣ መጨረሻው ወንበር ላይ የምትቀመጥ ረጅም ልጅ ናት። ዘጠነኛን እየደገመች ነው። ዛሬ ፈተናው ሲታደል ከአሥር ሁለት አግኝታ ተስቆባታል።

«መስመሮቹ ሰባት ላይ ይዘላሉ» አለቻት ስርጉት፣ ወረቀቱንና ማስመሪያውን አንድ ላይ ይዛ።

ይርጋነሽ ቧንቧውን ዘጋች። «ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ጥያቄውን ከየት አመጣሽው?»

«አምና ሞጣ የተሰጠን መልመጃ ላይ ነበር። ቲቸርም ከዚያው ሳያወጡት አይቀርም።»

«ታዲያ ለምን ስምሽን አልጻፍሽበትም?»

«የደጋሚ ወረቀት ማን ይገለብጣል? አንቺ ትገለብጪ ነበር?»

ስርጉት መስከረም ላይ የቡድን ሥራ ሲከፋፈሉ «ከደጋሚዋ ጋር አታድርጉኝ» ማለቷ ትዝ አላት። ጮክ ብላ ነበር ያለችው። ሁሉም ጭምብሉን ሲፈልግ ይርጋነሽን ያየ አልነበረም። ፊቷን መሸፈን እንኳ አላስፈለጋትም።

«ፈተናው ላይስ? ሁለት?»

«ወረቀቱ ሲታደል እጄ ይርዳል። የማውቀው ፊደል ይጠፋኛል። ሞጣም እንዲሁ ነበር። ብቻዬን ስሆን እሠራዋለሁ።»

«አራተኛውን ግን ብቻሽንም ሆነሽ ተሳስተሻል።»

«መነሻውን ወደ እኛ ሰዓት ቀየርኩት፣ ሦስት ሰዓት። መድረሻውን መቀየር ረሳሁ። ከሦስት እስከ አሥራ አንድ ስምንት ሰዓት ሆነልኝ።»

«ሃያ ሦስት ሰው ጭነሽ ነው የረሳሽው።»

ሁለቱም ሳቁ።

«ሰማው ከትምህርት ሊቀር ነው» አለች ስርጉት።

«ሰምቻለሁ።» ይርጋነሽ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ብናገር ‹ደጋሚዋ አሳሳተችን› ይሉኛል። እዚያ ክፍል እንዴት ተመልሼ እገባለሁ? እዚህ የመጣሁት እኮ ማንም ስለማያውቀኝ ነው። ነገ... እስከ ነገ ላስብበት።»

የሰማው አባት ነገ ጠዋት እንዲመጣ ግን ዛሬውኑ መልእክት ይላክለታል፤ እስከ ነገ መቆየት አይቻልም።

ስርጉት የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆማ ሦስት ጊዜ ተመለሰች። አራተኛው ላይ አንኳኳች።

«ቲቸር፣ ወረቀቱን የሠራው ሰማው አይደለም።» ወረቀቱንና ማስመሪያውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች። «በዚህ ነው የተሠመረው። ማስመሪያው የእኔ ነው፤ ለሰማው አላዋስኩትም። ይመልከቱት።»

መምህር እንዳለው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው መስመሮቹን አንድ በአንድ ከሸራፋው ጋር አስተያዩ። «ታዲያ ለማን አዋስሽው?»

ስርጉት ወለሉን አየች። አፏ ውስጥ ስሙ ነበር፤ አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚፈልገው።

«አልናገርም ቲቸር። ጥያቄው አልተሰረቀም፤ ካለፈው ዓመት መልመጃ ነው። ከዚያ በላይ አይጠይቁኝ። ወላጅ መምጣት ካለበትም የእኔ ይምጣ፤ የማውቀው እኔ ነኝ። ሰማው ምንም አያውቅም።»

 መምህሩ ማስመሪያውን መለሱላት።

«እሱ ይግባ። አንቺ ግን ነገ እናትሽን ይዘሽ ነይ።»

ከትምህርት ሲወጡ ይርጋነሽ በሩ ላይ ጠበቀቻት። «ነገርሻቸው?»

«አልነገርኩም። ነገ እናቴን አመጣለሁ።»

ይርጋነሽ ቦርሳዋን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። የአጎቷ ቤት ወደ ላይ ነው፤ እሷ ግን ከስርጉት ጋር ወደ ገበያው ወረደች። ስርጉትም ለምን እንደሆነ አልጠየቀቻትም።

የስርጉት እናት ወይዘሮ አየሁሽ ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸውን ከአንድ ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ አቁመው የትምህርት ቤት ሸሚዝ እየሰፉ ነበር።

«እማዬ፣ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ትፈለጊያለሽ።»

ፔዳሉ ቆመ። «ምን አጠፋሽ?»

ስርጉት ከመኪናው አጠገብ ያለው የጣውላ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብላ ከወረቀቱ ጀምራ ነገረቻቸው። አውቶቡሱን፣ የሰማውን አባት፣ ማስመሪያውን። ከስሙ በስተቀር ሁሉንም።

እናቷ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «እኔ ነገ ሥራ ፈትቼ የምቆመው ማን ለሠራው ነው?»

«አልነግርሽም እማዬ።»

ወይዘሮ አየሁሽ ገና አሁን ነበር ከበረንዳው ዳር የቆመችውን ረጅም ልጅ ያዩዋት። ከእግሯ እስከ ራሷ ተመለከቷት፤ ክፉ አስተያየት አልነበረም።

«ይቺስ ልጅ ማን ናት?»

ይርጋነሽ የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ጨብጣለች። 

 ይሄን የምትመልሰው ስርጉት አይደለችም። ጣውላው ላይ ጠጋ ብላ አጠገቧ ለይርጋነሽ ቦታ ለቀቀችላት።