ሙሄ የወደቀበት ገደል

ቀረብ በሉ። ኩራዟንም ዝቅ አድርጓት፤ ዛሬ ጆሮ ይበቃናል።

መናፍስት የሚወጡት ሌሊት ብቻ ይመስላችኋል አይደል? ይኼ ግን የሆነው በቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ግመል እንኳ መሄድ ሲያስጠላው፣ ያኔ ነው የሆነው።

ድሮ ነው። በአንድ የቆላ መንደር ይመር የሚባል ሰው ነበር። ከመንደሩ እስከ ገደሉ አፍ መንገዱ አጭር ነው፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አሸዋ፣ ጠጠር፣ እዚህም እዚያም የደረቀ ግራር። ከዚያ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ታች ውሃ የለም፣ ወፍ የለም። ጭጭ ያለ ነው።

ይመር ከጓደኛው ከሙሄ ጋር የጠፋች ግመል ፍለጋ እዚያ ሄዶ ነበር። የተመለሰው ብቻውን ነው። «አዳልጦት ወደቀ። ወዲያው ነው የሞተው» አለ። ሰው አመነው። ለሞተ ሰው ብሎ ያን ገደል የሚወርድ አልተገኘም፤ ለቅሶው ያለ ሬሳ ተለቀሰ።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ቀን የሙሄ ሚስት ዘምዘም የይመር በር ላይ ቆመች።

«የወደቀበትን ቦታ አሳየኝ።»

«አሁን? በዚህ ፀሐይ?»

«አሁን። ነገ፣ ነገ እያልክ ስንት ጊዜህ ነው?»

ምን ይበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሄዱ።

እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ኮሽ፣ ኮሽ ይላል። ትንሽ እንደሄዱ ይመር ቆመ። እሷም ቆመች። ኮሽታው ግን አልቆመም። ኮሽ። ኮሽ። ከዚያ ዝም አለ።

«ከኋላሽ ሰው አለ?»

«ማንም የለም» አለች።

ሄዱ። አሁን ደግሞ ሳል ተሰማ። ደረቅ ሳል፣ የሙሄ ሳል! ይመር ዞር ሲል ዘምዘም አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች። እሷም ሰምታለች።

«እንመለስ» አለ።

«አንመለስም» አለች።

ገደሉ አፍ ደረሱ። ነፋስ የለም። ዘምዘም በደረቷ ተኝታ ወደ ታች አየች።

«ሲወድቅ ምን አለ?»

«ምንም። አልኩሽ እኮ፣ ወዲያው ነው…»

«ይመር!»

ማን ጠራው? እሷ አይደለችም። ከታች ነው።

«ይመር! እግሬ ነው እንጂ ደህና ነኝ። ገመድ ይዘህ ና!»

ይመር ከገደሉ አፍ ወደ ኋላ ሸሸ። ሙሄ ያን ቀን ከታች ሆኖ የጠራው ልክ እንዲህ ብሎ ነበር።

ዘምዘም ቀስ ብላ ተነሣች። «በሕይወት ነበር?»

«በመንገድ ላይ ተጣልተን ነበር» አለ ይመር። «ገፋኸው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ገመድ ላምጣ ብዬው ሄድኩ፤ መንደር ስደርስ አፌ ሌላ ተናገረ። በማግስቱ መጥቼ ነበር፣ ዘምዘም። በማግስቱም ይጠራኝ ነበር።»

አልመታችውም። አልረገመችውም። ሻሿን አጥብቃ ወደ መንደር ሮጠች። እሱ እዚያው ቀረ።

ወንዶቹ ገመድ ይዘው ሲደርሱ ገደሉ አፍ ላይ ማንም የለም። የይመር ጫማ ብቻ፣ ጎን ለጎን ወልቆ ተቀምጧል። «ይመር!» ቢሉ መልስ የለም። ሁለት ሰዎች ወገባቸውን ታስረው ወረዱ።

ምን ያገኙ ይመስላችኋል?

ከአለቱ ጥላ ሥር የሙሄ አጽም ተቀምጧል። ከጎኑ ይመር ተቀምጧል። በሕይወት አለ! ያን ሁሉ ገደል ያለ ገመድ ወርዶ ገላው ላይ አንዲት ጭረት የለችም። የሙሄን ራስ ትከሻው ላይ አስደግፎ ቀስ አድርጎ ይደባብሰዋል።

አንደኛው ሰው ደንግጦ ስሙን ጠራው።

ይመር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«እባክህ አትጩህ» አለው፤ «አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው።»