ለማርያማዊት መስኮት የሠራነው ሐዲድ

አንዳንዶቻችሁ ፈጠራ ነው ትሉኛላችሁ። በሉኝ።

እናቴን ብትጠይቋት አትነግራችሁም። ያንን መስኮት ግን በሚስማር ከመታችው ወዲህ አልከፈተችውም።

ቦታው ደብረ ብርሃን ነው፣ ከጠባሴ ወጣ ብሎ። ጊዜው ያለፈው ኅዳር። ሰዓቱ ሁልጊዜ ያው... ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ጉሙ ከሜዳው ተነሥቶ አጥራችን ላይ ሲደርስ።

ታናሽ እህቴ ማርያማዊት የልብ ሕመምተኛ ነበረች። አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገና ተመዝግባ ተራዋን ትጠብቃለች። ሐኪሙ "እስከዚያ አታድክሟት፣ ሆዷም አይባባ" ብሎናል። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተኝታ ግቢውን ታያለች።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ጓደኛ የለኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ባቡር አልማለሁ። እውነተኛ ባቡር ግን አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ።

"ተስፍሽ... ባቡርህ በመስኮቴ ቢያልፍ እኮ ተራዬ እስኪደርስ አልሞትም ነበር።"

ሳቅኩላት። ከዚያ ወጥቼ ጓሮ አለቀስኩ።

ትናንሽ ባቡር የሚሠሩ ሰዎች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነበርኩ። ጻፍኩ። ሁለት የከተማችን ልጆች መለሱልኝ። ቴዎፍሎስ አሉሚኒየም ቤት ነው የሚሠራው። ፋና ሞባይል ትጠግናለች።

እንደ ገበሬዎቹ ወንፈል ገባን። ዛሬ እኔ ግቢ ይሠራሉ፣ ነገ እኔ እነሱ ግቢ ሄጄ እሠራለሁ። ያልተመቸው ከቤቱ ሌላ ሰው ይልካል። የወንፈል ጉልበት ግን ሳይመለስ አይቀርም።

ሐዲዱ መሬት ላይ ከሆነ ማርያማዊት አታየውም። ስለዚህ ግቢውን የሚዞር የድንጋይና የጭቃ ግንብ እስከ መስኮቷ ከፍታ ማንሣት ነበረብን። ሐዲዱ የመስኮት ፍሬም ትርፍራፊ፣ ሞተሩ ከተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ የወጣ፣ ፉርጎው የሰርዲን ቆርቆሮ።

"ደብረ ብርሃን ባቡር ያስገባን እኛ ነን! መንግሥት ይስማ!" ይላል ቴዎፍሎስ።

"ቀስ በል፣ ግብር ክፈል ይልሃል" ትለዋለች ፋና።

ማርያማዊት በመስኮቱ ትስቃለች። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቼ ነበር።

በጉሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌም አብረውን ይሠሩ ነበር። ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበዋል። አይናገሩም። ጭቃውን ከጭድ ጋር በእጃቸው ያቦካሉ፣ ድንጋዩን እንደ ጥርስ ይገጥማሉ።

የእነ ፋና ዘመድ ናቸው ብዬ አልጠየቅኩም።

ቁርስ ስናቀርብ አይበሉም።

በዚያ ብርድ የሁላችንም ትንፋሽ እንደ ጭስ ይወጣል። ከእሳቸው አፍ ግን... ምንም አይወጣም።

ግንቡ ያለቀ ዕለት አጠገቤ መጡ። ድምፃቸው ሹክሹክታ ነው።

"የእኔስ ሥራ?"

"ይጥሩን እንጂ አባባ! እንመጣለን።"

"ካልተመቸህስ?"

እንዲያው ለወጉ፣ ሰው ሁሉ የሚለውን አልኩ።

"ከቤታችን ያለ ሥራ የተቀመጠ ሰው አይጠፋም። እንልክልዎታለን።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀና ብለው መስኮቱን አዩ...

ጉሙ ሲገለጥ አልነበሩም። ፋና እጇን እየታጠበች ጠየቀችኝ።

"እኚያን ሽማግሌ ግን ከየት አመጣሃቸው?"

"እናንተ አይደላችሁም ያመጣችኋቸው?"

ቴዎፍሎስ ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "እኔ እኮ አያትህ መስለውኝ ነው..."

ወደ ማርያማዊት ሮጥኩ። ደህና ነበረች። እጆቿን አገላብጣ እያየች ነበር።

"ሽማግሌው በመስኮት እጄን አዩልኝ" አለች።

"ምን አሉሽ?"

"ለጭቃ የተሠራ እጅ ነው አሉኝ።"

ባቡሩ መዞር ጀመረ። ቆሎ ጭነን እንልክላታለን፣ እሷ ታነሣለች። ፊቷ ወዛ። እናቴ "ተራዋ እስኪደርስ ልትቆይልን ነው" ብላ ለማርያም ተሳለች። እኔም ሽማግሌውን ረሳኋቸው።

ከገና በፊት፣ አንድ ጠዋት። አንድ ሰዓት። ጉም።

በሩን ስከፍት ቆመዋል። የጋቢያቸው ጫፍ መሬት ይነካል፣ ግን አልረጠበም።

"ሥራዬን ልጀምር ነው" አሉኝ።

"እኔ እመጣለሁ! አሁኑኑ!" አልኩ። ጫማ እንኳ አላደረግሁም፣ ወጣሁ።

"አንተ የባቡሩን ሥራ ይዘሃል ልጄ" አሉ በቀስታ። "ያለ ሥራ የተቀመጠውን ነው ያልከኝ።"

"አባባ፣ እሷ ታማለች! መነሣት አትችልም!"

"ትችላለች።"

ዞረው ወደ ሜዳው ገቡ። ተከተልኳቸው። እየጮህኩ ሮጥኩ። ጉም ብቻ... ዱካ እንኳ የለም። ያኔ ከቤት የእናቴን ጩኸት ሰማሁ።

ማርያማዊት አልጋዋ ላይ ነበረች። ብርድ ልብሱ አልተነካካም። ዐይኖቿ ተከድነዋል። ላብ ያረፈበት፣ ሥራ ውሎ የተኛ ሰው ፊት ነው ያላት።

እጆቿ እስከ ክርኗ ጭቃ ናቸው። ጥፍሮቿ ውስጥ ጭድ አለ።

"ማን አስነሣት?" ትላለች እናቴ። "ተስፋዬ፣ ማን አስነሣት?"

ውኃ አመጣሁና እጇን አጠብኩ። ጭቃው ቀይ ነው። የእኛ ሰፈር አፈር ጥቁር ነው...

ቀበርናት። ቴዎፍሎስና ፋና ከእኔ ጋር ቆሙ።

በማግስቱ ጠዋት እግሬ ወደ ሜዳው ወሰደኝ።

ከአጥራችን ጀርባ አዲስ ግንብ ተጀምሯል። ድንጋዩ እንደ ጥርስ ተገጥሟል። ጉሙ ውስጥ እየገባ ይሄዳል፣ መጨረሻው አይታይም። በቀዩ ጭቃ ላይ፣ ከጫፉ ዐይኔ እስከደረሰበት ድረስ፣ ትናንሽ የእጅ አሻራዎች አሉ። የሽማግሌው አንድም የለም። የእሷ ብቻ።

መዳፌን በአንዱ አሻራ ላይ አሳረፍኩ።

ውርጩ ሜዳውን በሙሉ አንጥቶታል። ጭቃው ግን ሞቃት ነበር።