ከመቁረጫው መስመር ውጪ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ። የምጽፈው እንድታምኑኝ ሳይሆን አንድ ሰው እንኳ እንዲያውቅልኝ ብዬ ነው...

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰው በሚተላለፍበት ማተሚያ ቤት ውስጥ። ጨለማ የለ፣ ነፋስ የለ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ። በሲዲ ፊትና በሲዲ ሽፋን ላይ የሚታተመውን ምስል በኮምፒውተር አዘጋጃለሁ። ዘፋኙም፣ ሰባኪውም፣ ሠርግ የሚቀርጸውም ፎቶውን ይዞልኝ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለ። ቀዩ መቁረጫው የሚያልፍበት ነው። ከእሱ ገባ ያለው አረንጓዴ ደግሞ የደኅንነት መስመር ይባላል፤ ፊትና እጅ ከእሱ ማለፍ የለበትም።

ከቀዩ ውጪ የሚተርፈው ምስል ብሊድ ይባላል። አብሮ ይታተማል... ከዚያ ተቆርጦ ይጣላል።

ይቺን ያዙልኝ።

የሚቆርጠው ጋሽ መቀስ ነው። እውነተኛ ስሙን ሁላችንም ረስተነዋል፤ እሱም የረሳው ይመስለኛል። እኔን ደግሞ እሜቴ ስጋት ይለኛል። ስልክ ሲጠራ መጀመሪያ የሚመጣብኝ መርዶ ነው። ልጆቼ ትንሽ ከዘገዩ በሐሳቤ ሆስፒታል ደርሻለሁ። ዝናቡ ሳይመጣ በጎርፍ የተወሰድሽ ሴት እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አምና ግን መሳቁን ተወ።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ ትልቋ ልጄ ሞተችብኝ። ራስ ምታት ብሎ ጀመራት፣ ትኩሳት ሆነ... ሳምንት አልቆየችም። የግራ አውራ ጣቴን ማሽን የነካው ያን ሰሞን ነው። ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ጥፍሩ እስከ ዛሬ ለሁለት ተሰንጥቆ ነው የሚያድገው።

ትልቋ ትዘፍን ነበር። በስልኳ የቀዳቻቸው ዘፈኖች ቀርተዋል። አክስቴ ስልክ መነካካት አይሆንላትም፤ የሲዲ ማጫወቻዋን ግን እንደ ልጅ ነው የምትንከባከባት። ትንሿ ልጄ ለእሷም ለዘመድም ሲዲ እናሳትም ብላ ለመነችኝ። ለሽፋኑ የመረጠችውም የሁለቱን ፎቶ ነው።

ሰማያዊ ግድግዳ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ትንሿ በግራ፣ ትልቋ በቀኝ። ትልቋ የትንሿን የእጅ አንጓ ይዛለች። ፎቶው ሲነሣ አትቁነጥነጪ እያለቻት ነበር።

መሃል ላይ አስቀመጥኩት። ሁለቱም ከአረንጓዴው መስመር ገባ ብለው ነበር። ደጋግሜ አየሁት... አልቅሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ስከፍተው የትልቋ ትከሻ አረንጓዴውን አልፏል።

እጄ ነክቶት ይሆናል ብዬ መለስኩት።

ከምሳ መልስ ደግሞ አልፏል...

አሁን ግን ፎቶው አልነበረም የተንቀሳቀሰው። ግድግዳው በቦታው ነው። የወንበሩም እግር በቦታው ነው። የተንቀሳቀሱት እነሱ ናቸው።

በግራ በኩል ያለው የወንበሩ ባዶ ቦታ ሰፍቷል። ትንሿ ወደ እህቷ ዘምማለች። ክንዷ ተወጥሯል።

ሰው ሲጎትታችሁ እንደሚወጠረው...

ስልኬ ጠራ። ከትምህርት ቤት ነው። ልጅሽን ራሷን አሟታልና ነይ ውሰጃት አሉኝ።

ከዚያው በቀጥታ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሙ ቀላል ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠን። ለትልቋም ቀላል ነው ብለውን ነበር። ቤት ወስጄ አስተኛኋት። ግንባሯ ይፋጃል፣ አንገቷ ይፋጃል። የግራ አንጓዋን ስነካው ግን እንደ ውኃ ቀዘቀዘኝ።

"እማ..." አለችኝ በሹክሹክታ። "እታለም እጄን አልለቅ አለችኝ።"

"የት አየሻት?"

"አላየኋትም... ይዛኛለች ብቻ።"

በማግስቱ አክስቴን አጠገቧ አስቀምጬ ወደ ሥራ ሄድኩ። የታመመ ልጅ ጥላ ሄደች ትሉኝ ይሆናል። በሽታው ያለው እቤት እንዳልሆነ ግን አውቄዋለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋይሉን ከፈትኩት።

ትልቋ ሙሉ ለሙሉ ከቀዩ መስመር ውጪ ነበረች። ትንሿ ከወንበሩ ብድግ ልትል ነው። አንድ እግሯ አረንጓዴውን አልፏል...

የትልቋን ፊት አጉልቼ አየሁት። ክፉ ፊት አልነበረም። የማውቀው ፊት ነው። ሕፃን ሳለች መብራት ሲጠፋ እጄን የምትፈልግበት ፊት።

ልጄ ብቻዋን መሆን ፈርታ ነው።

ልሰርዘው አሰብኩ። የመጨረሻ ፎቶዋ ነው፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሰው እንዳይሰማኝ አፌን ወደ ስክሪኑ አስጠጋሁ።

"የኔ ልጅ... ትንሿን ልቀቂልኝ። ሰው ካስፈለገሽ እኔ አለሁልሽ።"

ከዚያ ፎቶውን ገፋሁና ቀዩን መስመር በእጆቻቸው መሃል አሳለፍኩት። የትልቋ ጣቶች የትንሿን አንጓ በሚነኩበት ቦታ። ብሊድ ሌላ ጊዜ የጥፍር ስፋት አይሞላም። እኔ ግን የትልቋን ወገን ሙሉውን እስከ ወረቀቱ ጫፍ እንዲታተም ተውኩት። ማሽን ይቁረጣት እንጂ በእኔ እጅ አትሰረዝ ብዬ...

ጋሽ መቀስ የታተሙትን ወረቀቶች ቆልሎ ማሽኑ ላይ አስቀምጦ ቆመ። ሁለቱንም ልጆቼን ያውቃቸዋል።

"እጅ እኮ ነው የሚቆረጠው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ቁረጠው ጋሼ።"

"እሷን እኮ ነው ከውጪ ያስቀረሻት።"

"አውቃለሁ... ቁረጠው።"

ፊቱን አዞረና ቁልፉን ተጫነ። ቢላው ወረደ። በየቀኑ የምሰማው ድምፅ ነው። ያን ቀን ግን ከሆዴ ውስጥ ነው የሰማሁት።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። መርዶ ነው ብዬ አላነሣሁትም። ጋሽ መቀስ አነሣልኝ። አክስቴ ናት። ትኩሳቱ ለቋታል፣ አላበኝ ብላ ብርድ ልብሱን ገፍታዋለች፣ ሻይ በዳቦ አምጡልኝ እያለች ነው።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ደስታ ይሁን ሐዘን መለየት አቃተኝ። አንዷን ለማትረፍ ሌላዋን ዳግመኛ የቀበርኩ መሰለኝ። ቁራጮቹ የቆሻሻ ሣጥን ውስጥ ወድቀዋል፤ በሁሉም ላይ ልጄ አለች። አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ጋሽ መቀስም አጠገቤ ተንበርክኮ አብሮኝ ለቀመ።

አንዱን ቁራጭ ከራስጌዬ አኖርኩት። ትልቋ ሰማያዊው ግድግዳ ሥር ናት። ክንዷ ወደ ተቆረጠው ጠርዝ ተዘርግቷል፤ መዳፏ ባዶ ነው። እያየሁት መተኛት ለመድኩ።

ትንሿ ዳነች። ትማራለች፣ ትስቃለች፣ ታኮርፈኛለች። አክስቴ ሲዲውን ከጠዋት ጀምራ ታጫውተዋለች።

ባለፈው ሳምንት ቁራጩን አነሣሁት።

መዳፏ ባዶ አልነበረም።

ከተቆረጠው ጠርዝ የሌላ ሰው ጣቶች ገብተው ይዘዋታል...

እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ የትንሿ ናቸው ብዬ ደርቄ ቀረሁ። መስኮቱ ጋ ወስጄ ደኅና አድርጌ አየኋቸው። የትንሿ አይደሉም። ሥራ ያጠነከራቸው የሴት ጣቶች ናቸው።

የአውራ ጣቱ ጥፍር ለሁለት ተሰንጥቋል።

የትልቋም ፊት ተለውጧል። አሁን አትፈራም።

ይገርማችኋል፣ እኔም ለራሴ አልፈራሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራ ኖሬ እዚህ ላይ ሲደርስ አለቀብኝ መሰለኝ። አንጀቴን የሚበላኝ ትንሿ ናት። ፀጉሯን ገና ራሷ መጎንጎን አትችልም። ትናንት መስታወት ፊት አቁሜ ማስተማር ጀመርኩ። ጣቶቿ እየተጠላለፉባት ተናደደች።

"አንቺ እያለሽ እኔ ምን አስቸኮለኝ፣ እማ?" አለችኝ።

እንዲያው ብትለምጂው ይሻላል አልኳት።

ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁራጩን እንደገና አየሁት። ከጣቶቹ በኋላ አንጓው ገብቷል። ከአንጓው በኋላ እጅጌው...

ግራጫ የሹራብ እጅጌ ነው። ጫፉ ላይ የተተረተረ ክር ተንጠልጥሏል።

ይህን ስጽፍላችሁ ያ ክር ከእጅጌዬ ወርዶ ጣቴ ላይ እየተጠመጠመ አስቸግሮኛል።