የግድግዳው ላብ

«ይቺ ላብ ናት እንጂ ፍሳሽ አይደለችም፤ እሷም ደርቃለች» አለ መሐንዲሱ፣ ሴትዮዋ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ። የባለንብረቱ ተቆጣጣሪ መስላው ነበር።

«እኔ የመጣሁት ለሟቹ ነው» አለች መርማሪዋ።

ግድግዳው ደረቀም አልደረቀ፣ የመሐንዲሱ ግንባር ላይ ግን ላብ ችፍ አለ። አስከሬን ታች ተጋድሞ ስለ እርጥበት ማውራት ማንንም ያሳፍራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሬት በታች የተሠራው የውሃ ማጠራቀሚያ ኮንክሪቱ ቀጫጭን የብረት ክር ተደባልቆበታል፤ ጠብታ አያሳልፍም ተብሎ ተወርቶለታል። ንድፉ የመሐንዲሱ ነው፤ እንግዶች ሊያዩት ቀን ተቆርጧል። ዛሬ ጠዋት ታዲያ ዘበኛው የገንዳው ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ፤ ቁስል የለው፣ ጭረት የለው። ትናንት ከፎርማኑ ጋር ሲጨቃጨቁ ግቢው ሁሉ ስለሰማ፣ ለፎርማኑ ካቴና ተዘጋጅቶለታል።

መርማሪዋ መሰላሉን ወረደች። የሟቹ ከንፈር ቀልቷል። ጣሪያው ጥግ ላይ ጥላሸት፣ ከሥሩ የዘይት ጠብታ አየች። ወጥታ መጋዘኑን ስታስከፍት፣ ትንሿ ጄኔሬተር ገመድ እንደታሰረባት ተቀምጣለች። መሐንዲሱን ብትጠይቀው፣ ከሳምንት ወዲህ ታች አልወረድኩም አለ። ፎርማኑ ቀኝ እጁ በጀሶ ታስሯል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ሟቹን በመጨረሻ ያናገረው ሰነፍ ብሎ መሆኑን ነገራት።

ሁለቱንና የሟቹን ሚስት ገንዳው አፍ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«የገደለው የሞተር ጭስ ነው፤ የታፈነ ጭስ ከንፈር ያቀላል» አለች። «ጥላሸቱና ዘይቱም ሞተር ታች መሥራቱን ይመሰክራሉ። ሞተሩን መጋዘን ያስገባው የሞተው ሰው አይደለም። ፎርማኑም በአንድ እጁ ጎትቶ አያወጣውም። መሐንዲስ፣ እርስዎ ደግሞ ካልወረዱ፣ ግድግዳው መድረቁን በምን አወቁ?»

መሐንዲሱ ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል ተናዘዘ። እርጥበቷን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዲያደርቅለት ዘበኛውን ለምኖት ነበር። ውሃ አያስገባም የተባለ ገንዳ ሲደርቅ እንዳይሰማበት፣ ማሞቂያው የሚሠራበትን ሞተር ታች አስገብቶ ክዳኑን በገዛ እጁ ዘጋ። ጠዋት ሲከፍተው የሆነውን አየ፤ ሞተሩንና ማሞቂያውን አውጥቶ ደበቀና ፎርማኑ ሲጠረጠር ዝም አለ።

«እርጥበቷ የገባችበትን ስንጥቅ ቢተዉትስ ኖሮ?» አለች መርማሪዋ።

«ክሩ ስለያዘው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ጥቂት ሳምንት ቢያገኝ ሲሚንቶው ራሱ ይደፍነው ነበር።» ድምፁ ወረደ። «አውቅ ነበር።»

ወደ ሟቹ ሚስት ዞረ። «እህቴ፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አሁንስ ምን የሚሉዎት ይመስልዎታል?»