ባዶ የተባለችው ፊልተር

የምሳ ዕቃው ጎሚስታው በር ላይ እጅ ቀየረ።

ቱታ የለበሰው ቀጭን ሰው ከተቆለሉት አሮጌ ጎማዎች ላይ አስቀመጠው። ጎማ ሊያስነፋ የመጣ የሚመስል ሽማግሌ አነሳው። ጎሚስታው ከመኪና ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ወንፊት፣» አለ ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ።

የቀጭኑ ሰው የሚስጥር ስም ነው። ከራሱ ሌላ ይህን ስም የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ይኸው አለቃው።

«አቤት ጋሼ።»

«ሞላልህ?»

«የአየሩም የአፈሩም አለ። ሁሉም ታሽጓል።»

ሰላይ ሲባል ካዝና የሚሰብር ይመስላችሁ ይሆናል። የዚህኛው ሥራ አቧራ መስረቅ ነው። ኮረብታው ላይ ያለውን የውሃ ታንከር አሮጌ ቀለም በአሸዋ ግፊት ይፍቁታል። ቀለሙ ውስጥ እርሳስ አለ፤ መጻፊያው ሳይሆን ብረቱ፣ የልጅ አእምሮ የሚበላው። ከታንከሩ ሥር ደግሞ መዋዕለ ሕፃናት። ታንከሩ በሸራ ተሸፍኖ መፋቅ ነበረበት፤ ኮንትራክተሩ ግን ሸራውን የሚዘረጋው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንፊት በጋሼ ተልኮ የቀን ሠራተኛ መስሎ ገባ። ቱታው ሥር ትንሽ ፓምፕ ታጥቋል፤ ቀኑን ሙሉ አየሩን በፊልተር ይስባል። አፈሩን ጫማውን የሚያስር መስሎ ይዘግናል።

ናሙናውን በምሳ ዕቃ ደብቆ ሁለት ጊዜ ልኳል። ሁለቴም ከላቦራቶሪው «ንጹሕ ነው» የሚል መልስ መጣ። ፊልተሯን ግን አመድ መስላ በዓይኑ አይቷታል! ከእሱ እጅ እስከ ላቦራቶሪው በር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሥራውን ያስተማረው ጋሼ። ይህን ማሰብ አንጀቱን ያቃጥለዋል።

«የዛሬው ንጹሕ ከሆነ ነገ የተዘጋው የሕፃናቱ ሜዳ ይከፈታል፣» አለ ጋሼ።

«አይሆንም።»

«እሱን እግዜር ያውቃል። ባዶዋ የትኛዋ ናት?»

ከዚህ በፊት ጠይቆት አያውቅም።

ከፊልተሮቹ ጋር ሁልጊዜ ምንም አየር ያልሳበች አንዲት ፊልተር ትላካለች። ከሩቅ የመጣ ንጹሕ አፈርም አብሮ ይሄዳል። ለማነጻጸሪያ ነው። ንጹሕ መሆናቸው ስለሚታወቅ እነሱን መቀየር የሚፈልግ የለም።

«ሰማያዊ ፕላስተር የለጠፍኩባቸው። ፊልተሯም አፈሩም።»

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። «ልጅህስ?»

«ደህና ናት። ቤት በገባሁ ቁጥር ጃኬቴን ቀምታኝ ታቅፋው ትተኛለች። አባቴን አባቴን ይሸታል ትላለች።»

ጋሼ ከልቡ ሳቀ። ይሄ ሳቅ ነው ሰውን የሚያናድደው።

ሥራው ቦታ ሲደርስ ካቦው ክብሪት እንጨት እያኘከ ጠበቀው።

«ቀጭኑ፣ ዛሬ የታንከሩን ሆድ አንተ ትፍቃለህ።»

«ብቻዬን?»

«ምነው፣ ሚዜ ይቁምልህ?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እንቢ ቢል ይነቃበታል። ከነቃበት ደግሞ ሸራው ይዘረጋል፣ ኮምፕሬሰሩ ይጠፋል፣ የሚለካ አቧራ አይኖርም። ሥራው እስከ ከሰዓት መቀጠል አለበት። ከውጭ አየር የሚያመጣ ጎማ የተገጠመለትን የራስ መሸፈኛ አጥልቆ በጠባቡ ቀዳዳ ገባ።

ፋቀ። አቧራው አምፖሉን ዋጠው።

ካቦው በቀዳዳው አጎነበሰ።

«በርታ፣ ወንፊት።»

ክው አለ።

መዝጊያው ተከደነ። አየሩ ተቋርጦ ጎማው ሟሸሸ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ጋሼ ፊልተሩን መቀየሩ አልበቃው ብሎ ስሙንም ሸጦታል! መሸፈኛውን አውልቆ ወለሉን በእጁ ዳበሰ። አቧራው አፉ ገባ። ጣፋጭ ነው። ሕፃናት የቀለም ቅርፊት የሚልሱት ለዚህ ነው።

የውሃ ማፍሰሻዋን ቀዳዳ አገኛት። አፉን ደፋባት። ቀጭን አየር መጣ። በአሸዋ መርጪያው ብረት ግድግዳውን እየደበደበ ያለፈውን ማታ አሰበ። ለላቦራቶሪዋ ሴትዮ ደውሎላት ነበር።

«ሰማያዊዎቹን ገልብጫቸዋለሁ። ባዶ ያልኳት እውነተኛዋ ናት። አፈሩም ከልጆቹ ዥዋዥዌ ሥር ነው። እነሱ ቆሽሸው ሌሎቹ ነጭ ከሆኑ ራስዎ ይምጡ። የራስዎን ፓምፕ ይዘው።»

«አንተ ልጅ፣ ራስህን ጠብቅ።»

ደበደበ። ክንዱ ዛለ። ደበደበ።

መዝጊያው ተከፈተ።

«እዚህ ነው! ኧረ ሰው አለ!» የሴትዮዋ ድምፅ ነበር።

ጋሼ ሁሉንም ቀይሮ ሰማያዊዎቹን ሳይነካ አድርሷል። ባዶ ነው የተባለውን ማን ይሰርቃል? እሷም ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ፣ ሸራው እንደተጠቀለለ ደርሳ በራሷ ፓምፕ ለካች። ካቦው ክብሪቱን ተፍቶ ፖሊስ መኪና ውስጥ ገባ። የመዋዕለ ሕፃናቱ በር በሰንሰለት ታሰረ፤ አፈሩ ተቆፍሮ ሊወጣ ነው።

ፖሊሶች ጋሼን ሲያመጡት ወንፊትን ቀና ብሎ አላየውም።

«እኔ እኮ ነኝ ሰው ያደረግኩህ።»

«አዎ ጋሼ። ከዚያ ሸጡኝ።»

ክሊኒክ ውስጥ ሴትዮዋ የደም ውጤቱን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እርሳሱ ብዙ ነው፤ ግን ትታከማለህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዚያ ልብስ ቤት ገብተሃል?»

እዚያ ቦታ ታጥቦና ልብስ ቀይሮ የሚወጣ ሠራተኛ የለም። የሚታጠብ ሰው ይጠረጠራል። እሱም ሳይታጠብ ኖረ።

«ጃኬቱ…» አለ።

ልጅቷን ከቤት አምጥተው አስመረመሯት። ሴትዮዋ ውጤቱን ስትነግረው እጁን ያዘችው።

«አለባት። በእሷ ዕድሜ ትንሹም ብዙ ነው።»

ሰላዩ አለቀሰ። ያንን ሁሉ የሰው ልጅ አድኖ የራሱን በገዛ እጁ!

ገላውን ታጥቦ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ቤት ገባ። ልጅቷ ቀድማው ከክሊኒክ ተመልሳ፣ ቤት የቀረውን ጃኬት ታቅፋ የቀን እንቅልፏን ተኝታለች። ቀስ ብሎ ከእቅፏ አወጣው። ከረጢት ውስጥ ከቶ እንደ ናሙና አሸገው። ሸሚዙን አውልቆ በቦታው አስቀመጠላት።

ነቃች። ሸሚዙን አሸተተችው።

«አባዬ፣ ይሄ አንተን አይሸትም።»

«ይለምዳል፣ የኔ እናት።»

ከረጢቱን ይዞ ወጣ። መንገዱ ከሥራ በሚመለስ ሰው ተሞልቷል። መሐላቸው ገባ፤ ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።