ዱባ የቃሉን ጫፍ የያዘ ዕለት

ቶሎ ሰባት ዓመቷ ነው። የምትኖረው ከአባቷ የልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን መብላቱንም መሮጡንም መመለሱንም በጥድፊያ ስለምታደርገው ሰው ሁሉ «ቶሎ» ይላታል። አምስት ዓመት የሞላው ወንድም አላት። ጉንጩ ሙሉ ስለሆነ «ዱባ» ይሉታል። ዱባ ደግሞ፣ ልጆች፣ ምንም ነገር ቶሎ አያደርግም።

በሰንበት ትምህርት ቤታቸው ትንንሾቹ የሚቀመጡት ምንጣፍ ላይ ነው። መምህርታቸው እትዬ ስትጠይቀው የቃል መጨረሻ ድምፅ መለየት የቻለ ልጅ ወደ አግዳሚ ወንበር ያልፋል፤ ማንበብም ይጀምራል። ዱባ ምንጣፉ ሰልችቶታል። አጠገቡ ያለው ሕፃን አውራ ጣቱን ይጠባና በዱባ ሱሪ ይጠርገዋል።

«የፊታችን እሑድ እትዬ ትጠይቀዋለች። ቁጭ ብለሽ አስጠኚው» አለቻት እናቷ።

ቶሎ ጀመረች።

«ድመት። መጨረሻው ላይ ምን ትሰማለህ?»

«ድ!»

«እሱ መጀመሪያው ነው! የድመት መጨረሻ ምንድን ነው?»

ዱባ አሰበ አሰበና «ጭራ!» አለ።

«ኧረ ወዲያ! ጭራውን ማን ጠየቀህ? በር በል።»

«በር።»

«መጨረሻው?»

«በ!»

«አንተ ልጅ፣ ልታሳብደኝ ነው? ር ነው! ር! ር!»

«እሺ፣ ር» አለ ዱባ። «ድመትም ር ነው?»

አትሳቁ ልጆች። እኔ ስነግራችሁ እንኳ ራሴን ያመኛል፤ እሷማ ምን ትሁን? ውጭ ጓደኞቿ ገመድ እየዘለሉ ነበር። በዚህ መሀል አንድ መጥፎ ሐሳብ መጣላት።

«ስማ፣ የእትዬ ቃላት የሚያልቁት በ‹ት›፣ በ‹ን› ወይም በ‹ር› ነው። ስትጠይቅህ እኔን እይ። ጆሮዬን ስነካ ‹ት› በል። አፍንጫዬን ስነካ ‹ን›። አገጬን ስነካ ‹ር›። ገባህ?»

ይሄኛው ወዲያው ገባው! ቶሎ ልቧ ትንሽ ከበዳት። ግን «ተገላገልኩ» ብላ ወደ ገመዷ ሮጠች።

እሑድ ዱባ ከፊት ቆመ። እትዬ ጠየቀች፣ ቶሎ ጆሮዋንና አፍንጫዋን ነካካች፣ ዱባ አንድም አልሳተም። ልጆቹ አጨበጨቡ። ዱባ ደረቱን ነፍቶ ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቶሎ አሁን ከጀርባው ሆነች።

«ጎበዝ! እስቲ ከአዲሱ ቦታህ አንድ ልጨምርልህ» አለች እትዬ። «ወንበር።»

ዱባ ወደ ኋላ ዞረ።

«ወደ እኔ ነው እንጂ፣ የኔ ጌታ።»

«እሷ ሳትነካማ እንዴት አውቃለሁ?»

«ማን? ምኑን?»

«ቶሎ ናታ! አገጯን!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ወደ ቶሎ ተመለከተች። «ምን ማለቱ ነው?»

የቶሎ ፊት እንደ እሳት ነደደ። «እኔ እንጃ… ከራሱ ፈጥሮ ነው።»

«ውሸታም ዱባ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ዱባ አልጮኸም። ከወንበሩ ወረደና ራሱ ወደ ምንጣፉ ተመለሰ። ጉንጮቹ እየተንቀጠቀጡ «ውሸታም አይደለሁም» አለ በቀስታ።

ቶሎ ይህን አልቻለችም። ተነሣች።

«እትዬ፣ እሱ አልዋሸም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ምልክቱን ያስተማርኩትም እኔ ነኝ።» ከዚያ እንባዋ ቀደማት።

እትዬ በረጅሙ ተነፈሰች። «ኤዲያ! ልጄ፣ ነገ ማንበብ ሲጀምር ያንቺን አፍንጫ ከየት ያመጣል? በሉ፣ እሱም ምንጣፉ ላይ ይቆይ፣ አንቺም በደንብ አስጠኚው።»

ቶሎ እግዚአብሔርንም ወንድሟንም ይቅርታ ጠየቀች። ቤት ገብተው ከምሳ በኋላ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ወተት። መጨረሻው?»

«ወ!»

ወይ አበሳ! ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ግን ዋጥ አደረገችው። እንደገና ቀስ ብላ «ወተ…» አለችና ደክሟት ዝም አለች።

ዱባ ጠበቀ። ጠበቀና ተናደደ። «ት! አትጨርሺውም እንዴ?»

ቶሎ ቀና አለች። «ዓይ…»

«ን!»

«ወንበ…»

«ር!» ዱባ ሳቀ።

ያን ቀን ሁሉ እንዲህ ጀመረችለት፤ እሱ ጨረሰ። አንዳንዴ ብዙ ያስጠብቃት ነበር። ቶሎ ቃሉን ልትጨርስበት ምላሷን ይበላታል፤ እሷ ግን ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች። በመጨረሻ «አሁን ብቻህን» አለችው። «መጋዝ።»

ዱባ ለራሱ «መጋ…» ብሎ አንሾካሾከ። ከዚያ «ዝ!» አለ። ለዚህኛው ምልክት እንኳ አልነበራቸውም!

በሚቀጥለው እሑድ ዱባ ፊቱን ወደ እትዬ፣ ጀርባውን ለእህቱ ሰጥቶ ቆመ። ቶሎ ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀምጣባቸዋለች። እትዬ ጠየቀች። ዱባ እየተንሾካሾከ፣ እየዘገየ፣ ሁሉንም መለሰ። ከዚያ በገዛ እግሩ ሄዶ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወጣ።

ልጆች፣ የምንወደውን ሰው መርዳት ማለት ታግሠን እውነቱን ማስተማር ነው እንጂ፣ ስለሰለቸን ብቻ በማታለል ማሳለፍ አይደለም።